ደንገጎ ላይ የምትደክም ቦክሰር፤ ከቁልቢ በፊት ምን ልመልከት?

ድሬ_ቦክሰር

ሰላም ለሁላችሁ፣ የድሬና የሐረር ሞተረኞች።

የምነዳው ሞተር ሳይክል ቦክሰር 150 ነው። ከተማ ውስጥ እንከን የላትም። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ፣ ቀኑን ሙሉ ብመላለስባት ደከመኝ አትልም። ችግሯ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ትወጣለች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ግን ጉልበቷ እያነሰ ይሄዳል። ነዳጅ ስሰጣት ትቆራረጣለች። ማርሽ ብቀንስላትም ለውጥ የለም። ሲብስባት ጭራሽ ትጠፋለች። ዳር ይዤ ትንሽ ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልነካት ተነስታ ትሄዳለች። ጥቂት ኩርባ እንዳለፍን ያው ይመለስባታል።

ካንዴላዋ አዲስ ነው። ዘይቷም በጊዜው ተቀይሯል። ጋራዥ አሳይቼ ነበር፤ አንዱ ካርቡሬተሩን አጥቦ መለሰልኝ፣ ሌላው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየር አለ። ፋሻ መቀየር ማለት ሞተሩን መክፈት ነው። ከተማ ውስጥ እንዲህ ጤነኛ የሆነችን ሞተር ማስከፈት አልዋጥልህ አለኝ።

ሐምሌ 19 ባለቤቴን ይዤ ቁልቢ ገብርኤል መውጣት እፈልጋለሁ። ስለት አለባት። እናም ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ይህች ሞተር ምን ሆና ነው? ደግሞስ እናንተ ደንገጎን ከመውጣታችሁ በፊት ምን ምን ታያላችሁ?

አፓቺ_ከዚራ

አቦ ይሄማ ግልጽ ነው፣ ከፍታው ነው። ድሬ ያለችው 1200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደንገጎን ጨርሰህ ሐረማያ ስትደርስ 2000 ሜትር አካባቢ ነህ። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን ልክ ድሬ እንዳለ ይለቀዋል። ቤንዚን ይበዛል፣ አየር ያንሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል። የኔዋም ላይ ስትወጣ ትከብዳለች። አንድ ቁጥር ያነሰ ጄት (ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) አስገባባትና ተገላገል።

ጀጎል_በር

ስለ አየሩ ያልከው ልክ ነው። በየ1000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ገደማ ያጣል። ጄቱ ላይ ግን አልስማማም።

እኔ የምኖረው ሐረር ነው፣ 1885 ሜትር አካባቢ። ለሥራ ድሬ ስለምመላለስ የከፍታን ጠባይ በደንብ አውቀዋለሁ። ከፍታ የሚወስደው ጉልበት በአንዴ አይሄድም፣ ቆመህ ስላረፍክም አይመለስም። ብትቆምም ከፍታው ያው ነው። የሱ ሞተር ግን ትንሽ ስታርፍ ትድናለች። ይህ ሌላ ነገር ነው።

ደግሞ ለደንገጎ ብለህ ቤንዚኑን ብታሳንሰው፣ ድሬ ስትመለስ ያንስባታል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ክፉኛ ይግላል። ፒስተን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ውሎህ ድሬ ከሆነ ጄትህም ለድሬ ይሁን።

ካንዴላውን ፍታና ቀለሙን ንገረን። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ሁሉም በልኩ ነው። ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ወይ ቤንዚን በዝቷል ወይ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። ከነጣ ቤንዚን አንሶታል። ግን ካንዴላውን የምታየው ዳገቱ ላይ ሠርታ እንደቆመች ይሁን። ከተማ ውስጥ ቆመህ በሚኒሞ ስታሠራት ከቆየህ በኋላ የምታየው ቀለም ያሳስትሃል።

ጋሼ_መፍቻ

እንዴት ናችሁ ልጆች። የጀጎሉ ልጅ ጥሩ ተናግሯል፣ ጄቱን ተዉት።

አንዲት ሞተር ዳገት አቃታት ተብላ ስትመጣልኝ፣ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ጉልበት ስታጣ የሞተሩ ድምፅ ምን ይሆናል? ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ከቀነሰ ፍሪሲዮኑ ነው። ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ጉልበቱ ግን ጎማው ጋ አይደርስም። ድምፁም ፍጥነቱም አብረው ከወረዱ ፍሪሲዮኑን ተወው። ያኔ ሞተሩ ወይ እሳት፣ ወይ አየር፣ ወይ ቤንዚን አጥቷል። አንተ የጻፍከው ይሄኛውን ነው።

ፋሻው ያለቀ ሞተር ከተማ ውስጥም ያጨሳል፣ ዘይት ይበላል፣ ጠዋት ሲነሳ ያስቸግራል። አርፎ የሚድን ፋሻ አላየሁም። ስለዚህ ሞተሩን አታስከፍት።

የኔ ጥርጣሬ የሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ክዳን ላይ ነው። ክዳኑ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ቤንዚኑ ወደ ካርቡሬተር በወረደ ቁጥር ቦታውን አየር መተካት አለበት። አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም። አንድ ቦታ ብቻ የተበሳ የዘይት ቆርቆሮ ስትደፋው እንደሚያንገራግረው ማለት ነው። የድሬ አቧራ ደግሞ ከቤንዚን ርጥበት ጋር ተላቁጦ ያችን ቀዳዳ ይደፍናታል።

ከተማ ውስጥ ለምን አይታወቅህም? ከተማ ውስጥ ነዳጅ ትሰጣለህ፣ ትለቃለህ፣ መብራት ላይ ትቆማለህ። የሚወርደው ቤንዚን ትንሽ ነው፤ በግማሽ የተደፈነው ቀዳዳም ይበቃዋል። ደንገጎ ላይ ግን እስከ መጨረሻው ከፍተህ ረጅም ትሄዳለህ። ሞተሩ የሚጠጣው ከሚወርደው ይበልጣል። ቤንዚን የሚጠራቀምበት የካርቡሬተሩ ጽዋ እየጎደለ ይሄዳል። ስትቆም አየሩ በዝግታ ይገባል፣ ጽዋው ይሞላል፣ ሞተሩ ይነሳል። ካርቡሬተሩን ያጠበው ልጅም ያላገኘው ለዚህ ነው። ችግሩ ከካርቡሬተሩ በላይ ነው።

ሙከራው ገንዘብ አይጠይቅም። ስትደክምብህ ዳር ያዝ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ሳትዘገይ ክዳኑን ክፈት። አየር ስስስ ብሎ ሲገባ ከሰማህ አግኝተኸዋል። አጠገብህ ሲጋራ የያዘ ሰው እንዳይኖር።

ክዳኑ ካልሆነ፣ ቤት ስትደርስና ሞተሩ ሲበርድ የቤንዚን ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀልና ወደ ጠርሙስ ልቀቀው። ሳይቋረጥ መውረድ አለበት። እየሳሳ ከሄደ የሰልባትዮው መክፈቻ ወይም ወንፊቱ ቆሽሿል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ሲግል ለካንዴላው እሳት መስጠት የሚያቆም ኮይል። እሱም ሲበርድ ይድናል። ልዩነቱ አጠፋፉ ላይ ነው። እሳት ሲጠፋ ድንገት ነው፣ መብራት እንደማጥፋት። ቤንዚን ሲያልቅ ግን እያመነታ፣ እየጎተተ ነው። አንተ እያነሰ ይሄዳል ስላልክ ነው ክዳኑን ያስቀደምኩት።

የገንደቆሬ_ልጅ

ጋሼ እንዳሉት ክዳኑን እይ። እኔ ግን ወሪያ፣ ቤንዚኑን ከየት ነው የምትቀዳው?

ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ብዙዎቻችን መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እንገዛለን። አልፈርድም፣ ሥራ ያለው ሰው ግማሽ ቀን መሰለፍ አይችልም። ግን ምን እንደምትገዛ እወቅ። ከሃይላንዱ በቀጥታ ወደ ሰልባትዮ አትገልብጠው። ብርሃን ላይ አንስተህ ሥሩን እይ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ሃይላንዱን ዘንበል ስታደርገው ሥሩ ላይ ለብቻዋ የምትንከባለል ነገር ካየህ ውሃ ነው። ላምባ የተቀላቀለበትን ለመለየት ደግሞ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣል። ንጹህ ቤንዚን ወዲያው ተንኖ ወረቀቱ እንደነበረ ይሆናል። ላምባ ያለበት ቅባት ቅባት የሚል ክብ ይተዋል።

ለቁልቢ ጉዞ ግን ከማደያ ቅዳ። ቀደም ብለህ፣ በአዘቦት ቀን ሙላ። በዓሉ ሲቃረብ ሰልፉ ሌላ ነው።

ካርቡሬተሩ ጽዋ ሥር ማፍሰሻ ቡሎን አለ። በካቻቢቴ ትንሽ ላላ አድርገህ ጠርሙስ ውስጥ አፍስስና የሚወጣውን እይ። ውሃም ዝገትም ካለ እዚያ ነው የሚጠራቀመው።

ድሬ_ቦክሰር

አቦ አመሰግናለሁ! ጋሼ መፍቻ እድሜ ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል ያብራራልኝ ሰው አልነበረም። ድምፁም ፍጥነቱም አብረው ነው የሚወርዱት። አጠፋፉም እርስዎ እንዳሉት እያመነታ ነው። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ወጥቼ እሞክረዋለሁ።

እስከዚያ የአየር ፊልትሮውን ፈታሁት። ስፖንጁ ላይ ያለው አቧራ በጣት ይዛቃል። ካንዴላው ጥቁር ባይሆንም ጠቆር ያለ ነው።

ጋሼ_መፍቻ

ስፖንጅ ከሆነ በላምባ እጠበው፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ፣ ጥላ ላይ አድርቀው። በቤንዚን አትጠበው፣ ስፖንጁን ያበላሸዋል፣ አደጋም አለው። ሲደርቅ ንጹህ የሞተር ዘይት ጠብ አድርገህ ጭመቀው። አትጠምዝዘው፣ ይቀደዳል። አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው። ዘይት ያልነካው ስፖንጅ የድሬን አሸዋ ያሳልፋል፣ አሸዋው ደግሞ ፋሻና ፒስተን ይበላል። የወረቀት ፊልትሮ ያላችሁ ዘይት እንዳታስነኩት። ከውስጥ ወደ ውጭ ንፋስ አስነፉት፣ ካረጀ ቀይሩት።

ዘይት ስትገዛም ልብ በል። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን እዚያው ሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። ለአዲስ መኪና ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ፈልግ። ለድሬ ሙቀት ከ20 በ50 ጋር ተስማምቻለሁ። ማሸጊያው የተነካካ ጣሳ አትግዛ።

ኤጂ_ሐረማያ

ሰላም ወንድሞቼ። ሥራዬ በሐረማያ ዙሪያ ገጠር ለገጠር ነው፣ የምነዳው ያማሃ ኤጂ 100። ስለ መውጣቱ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው።

ደንገጎን በዜሮ ማርሽ፣ ሞተር አጥፍተው የሚወርዱ ልጆች አያለሁ። ቤንዚን እንቆጥባለን ይላሉ። የሚቆጥቡት ከአንድ ሻይ ዋጋ አይበልጥም። ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚይዛቸው ፍሬኑ ብቻ ነው። ትንንሾቹ ሞተሮች ከበሮ ፍሬን ናቸው። ከበሮ ሲግል ሸራው መያዝ ያቆማል። የፍሬን እጀታው እንደወትሮው ይጨበጣል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። ከፊትህ ኩርባ፣ ከኩርባው ኋላ ደግሞ ድንጋይ የጫነ መኪና አለ። እባካችሁ ተዉት። በምን ማርሽ እንደወጣችሁት በዚያው ማርሽ ውረዱት። ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። ፍሬኑን ኩርባ ከመግባታችሁ በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁት ይብረድ። ይዛችሁት አትውረዱ።

እንደኔ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላችሁ ግን ለብቻው አንድ ነገር እወቁ። በኛ ሞተር ሲሊንደሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ነው። ነዳጁን ዘግታችሁ ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ ዘይቱ ግን አይደርሰውም። ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። በየመሀሉ ፍሪሲዮን ጨብጣችሁ ትንሽ ነዳጅ ስጡት። ቦክሰርና አፓቺ አራት ምት ስለሆኑ ይህ አያሳስባቸውም።

ስለ ልብስም ልናገር። ድሬ በካናቴራ የወጣ ሰው ሐረማያ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሐምሌ ላይ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ጣት ፍሬን መጨበጥ ያቅተዋል። ጃኬትና ጓንት ያዙ። ጃኬት የሌለው ደረቱ ላይ ጋዜጣ ያድርግ፣ ነፋሱን ይሰብራል።

ወደ ሐረር የምትቀጥሉ ደግሞ አወዳይ ላይ ቀስ በሉ። የጫት ገራባ (የተጣለ ቅጠልና ቅርንጫፍ) አስፋልቱ ላይ ይበተናል። ዝናብ ሲነካው ጎማ አይይዝም። ጫት የጫኑት አይሱዙዎችም ሰዓት ስላለባቸው ለማንም አይቆሙም። ስትሰሟቸው ዳር ያዙና አሳልፏቸው። ከእነሱ ጋር መከራከር ለሞተረኛ አያዋጣም።

ሳቢያኗ

ኤጂ ሐረማያ፣ ስለ ቁልቁለቱ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ታናሽ ወንድሜ በዜሮ ማርሽ ከሚወርዱት አንዱ ነው። አነበብኩለት።

እኔ ስለ ካቴና ልጨምር። ሁላችንም አሸዋ ላይ ነው የምንነዳው። የደቻቱ ወንዝ ሲወርድ ደለሉን መንገድ ላይ ይተወዋል። ሲደርቅ አቧራ ሆኖ ካቴና ውስጥ ይገባል። ብዙ ልጆች ካቴናቸውን ከጋራዥ ባመጡት በተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። ጥቁር ሆኖ ሲያብረቀርቅ የተጠበቀ ይመስላል። አሸዋውን ግን ሰብስቦ የሚይዘው እሱው ነው። እየፈጨ ጥርሶቹን ይበላል።

የኔ አሠራር ቀላል ነው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ላምባ፣ ከዚያ ጨርቅ። ካቴናው ሲደርቅ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በውስጥ በኩል፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ጠብ ጠብ። የኋላውን ጎማ በእጅ እያዞርኩ ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ። ሞተር አስነስቶ በማርሽ ካቴና የሚጠርግ ሰው ጣቱን ያጣል። ማታ ቀብቼ አሳድረውና ጠዋት ላዩን በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ዘይቱ የሚፈለገው ውስጡ ነው፤ ላዩ ላይ የሚቀረው አሸዋ ለመሰብሰብ ብቻ ነው።

አፓቺ_ከዚራ

እህቴ ከልብሽ ነው የጻፍሽው፣ ግን በተቃጠለ ዘይት ዘመኑን ሁሉ የነዳ ሰው አውቃለሁ። ካቴናው ምንም አልሆነም። 90 ቁጥርም እኮ ዘይት ነው፣ አሸዋ ይይዛል።

ሳቢያኗ

ይይዛል፣ ለዚህ ነው ላዩን የምጠርገው። ልዩነቱ የተቃጠለው ዘይት ሲመጣ ጀምሮ የሞተር ብናኝ ይዞ መምጣቱ ነው። ንጹህ ካልሆነ ነገር ጋር ለምን እጀምራለሁ? ያ የምታውቀው ሰው ካቴናውን በየስንት ጊዜው እንደሚቀይር ጠይቀው።

ጋሼ_መፍቻ

እሷ ልክ ናት። ለአፓቺ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ደርቆ ከሚነዳ ካቴና የተቃጠለ ዘይት የነካው ይሻላል። ደረቅ ካቴና ስንት ሰው ዳገት ላይ ጥሏል። የኦሪንግ ካቴና (መጋጠሚያዎቹ ላይ ላስቲክ ያለው) ያላችሁ ደግሞ ቤንዚን አታስነኩት፣ ላስቲኩን ይበላዋል።

ቦክሰር፣ አንተ ሰው ስለምትጭን ልቀቱን እይ። ካቴናው መሀል ላይ በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሰው ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር መጫወት አለበት። ለአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ልኩ ይሄ ነው፣ ያንተን መመሪያ ደብተሩ ላይ አረጋግጥ። አንድ ቦታ ለክተህ አትተው። ጎማውን እያዞርክ የተለያየ ቦታ ለካ፣ ካቴና እኩል አያልቅም። አጥብቀህ አትሰረው። ሰው ሲቀመጥ የኋላው ይወርዳል፣ ካቴናው ይወጠራል። ከመጀመሪያው የተወጠረ ከሆነ ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል። ስታስተካክልም በግራና በቀኝ ያለውን ምልክት እኩል አድርግ፣ አለዚያ ጎማው ይዛነፋል። ካቴናውን ካስተካከልክ በኋላ የኋላ ፍሬኑን ደግመህ ሞክር። ጎማው ሲንቀሳቀስ የፍሬኑም ልክ ይለወጣል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ጀጎል_በር

ጎማ ላይ አንድ ነገር። ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት ነው። ቀትር ላይ የድሬ አስፋልት ላይ ነድተህ ብትለካው ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። በዛ ብለህ እንዳታስተነፍሰው፣ ሲበርድ ያንሳል። ካቴና መሸፈኛው ላይ ወይም ደብተሩ ላይ ልኩ ተጽፏል። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ፊት 25 ፒኤስአይ፣ ኋላ 28፣ ሰው ሲጫን ወደ 32 ይላሉ። ጎሚስታው በልማድ ከሚሞላልህ ጋር አነጻጽረው። ትርፍ ካላማዳሪና ፓምፕ መያዝም ጥሩ ነው። ደንገጎ ላይ ጎሚስታ የለም።

ወደ ሐረር የምትመጡ ደግሞ ከመሸ አትምጡ። ጅብ መንገድ ያቋርጣል። መብራት ሲያርፍበት ቶሎ አይሸሽም፣ ቆሞ ያያል። አንዱ ካለፈ በኋላ ሌላ ይከተላል። ለመኪና ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለሞተር ግን ትልቅ አደጋ ነው። ጀጎል ውስጥ ከገባችሁ ሞተሩን ሸዋ በር አካባቢ አቁሙና በእግር ግቡ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ድንጋዩም ለስላሳ ነው። ልጆች ከየበሩ ይወጣሉ።

የገንደቆሬ_ልጅ

ስለ ደቻቱ እኔም ልናገር፣ ዳር ስለምኖር። ድሬ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐዩ እያቃጠለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ውሃው የሚመጣው ላይ ተራራው ላይ ከዘነበው ነው። አሸዋው ላይ ሞተር ይዛችሁ የምታቋርጡ፣ ከላይ ድምፅ ከሰማችሁ ወይ ሰው ሲሮጥ ካያችሁ ሞተሩን ጥላችሁ ውጡ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ከኛ ሰፈር ያላዘነ ቤት አልነበረም። ሞተር ይገዛል።

ውሃ ካቋረጣችሁ ደግሞ ከበሮ ፍሬን ወዲያው አይዝም። ቀስ እያላችሁ ፍሬኑን በስሱ ያዝ ለቀቅ አድርጉት፣ ሙቀቱ ሸራውን ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ ነው ፍጥነት የሚጨመረው።

ድሬ_ቦክሰር

ጋሼ መፍቻ፣ ክዳኑ ነው!

ዛሬ ጠዋት ወጣሁ። እንደልማዷ አጋማሹ ላይ ጀመራት። ሳትጠፋ ዳር ያዝኩ፣ አጠፋኋት፣ ክዳኑን ከፈትኩ። ስስስ አለ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬም ሰማው። ክዳኑን መልሼ ላላ አድርጌ ጣል አደረግኩትና አስነሳኋት። እስከ ላይ ድረስ ምንም ሳትል ወጣች። ከላይ ቆሜ ክዳኑን ገልብጬ ሳየው፣ ላስቲኩ ሥር ያለችው ቀዳዳ በቀይ አቧራ ተለስናለች። ሲሚንቶ ነው የሚመስለው። በዚህች ምክንያት ሞተሬን ሊከፍቱልኝ ነበር።

አሁን ምን ላድርግ? በሚስማር ልብሳው?

ጋሼ_መፍቻ

እሰይ! በሚስማር እንዳትበሳው። ቀዳዳው ከሰፋ በሐምሌ ዝናብ ውሃ ይገባል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቤንዚን እየረጨ ልብስህ ላይ ይመጣል። ክዳኑን ላምባ ውስጥ አሳድረው። ጠዋት ቀጭን የስልክ ሽቦ ዘልዝለህ በአንዷ ክር ቀስ ብለህ አጽዳ። ጎሚስታ ጋ ንፋስ አስነፋው። በአፍህ ስትነፋው በቀላሉ ማለፍ አለበት። ላስቲኩን አትጣለው፣ ከተሰነጠቀ በልኩ ቀይረው። ላላ ባለ ክዳን ደግሞ እንዳትነዳ። ለሙከራ ነው እንጂ ከዚያ በላይ አይሆንም።

ሰልባትዮው አየር ሲያጣ ስለኖረ ሥሩ ያለው ዝቃጭ ወደ መክፈቻው ተስቦ ሊሆን ይችላል። ወንፊቱንም አብረህ እጠብ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ሰው የምትጭነው።

አፓቺ_ከዚራ

ጋሼ፣ የኔንም ክዳን ከፍቼ አየሁት። ግማሹ ተደፍኗል። የኔዋ ላይ ስትወጣ የምትከብደው የከፍታው ብቻ መስሎኝ ነበር የጻፍኩት። አሁን አጽድቼ ልሞክራት ነው።

ሳቢያኗ

ቦክሰር፣ እንኳን ደስ ያለህ። ለባለቤትህ ሄልሜት አለህ? ሁሌ ነጂው አድርጎ፣ ከኋላ ያለችው ነጠላዋን ተከናንባ ነው የማየው። ነጠላው ደግሞ ጫፉ ወደ ካቴናና ጎማ ይገባል። ውስጥ አስገብታ ትታጠቀው፣ ቀሚሱም እንዳይንጠለጠል። ሄልሜት ከሌላት እኔ ትርፍ አለኝ፣ ሳቢያን መጥተህ ውሰድ። አገጭ ማሰሪያው ጥሩ ነው፣ ሞክሬዋለሁ።

ድሬ_ቦክሰር

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የላትም ነበር። ነገ ማታ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ።

ክዳኑ ታጥቧል፣ ወንፊቱም። ካቴናውን ባንቺ መንገድ ቀባሁት። የኋላ ፍሬኑን ሳይ ሸራው ወደ መጨረሻው ነው፣ ጠቋሚዋ ምልክቱን አልፋለች። ኦሪጅናል ሸራ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ላገኝ እችላለሁ?

ጋሼ_መፍቻ

አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ አጠገቡ አድርገህ አወዳድረው። ክብደቱን በእጅህ መዝን። ሸራው ከብረቱ ጋር በደንብ መያያዙን በጥፍርህ ሞክር፣ ጠርዙ ላይ ከተላቀቀ ተወው። ስታስገባ ከበሮውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ዘይት በነካው እጅ ሸራውን አትንካ። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ በሙሉ አይዝም። ከበዓሉ በፊት ከተማ ውስጥ በዝግታ እየነዳህ አለማምደው። በአዲስ ሸራ ቀጥታ ደንገጎን እንዳትወርድ።

ኤጂ_ሐረማያ

ሐምሌ 18 ከሰዓት በኋላ ጀምሮ መንገዱ በእግረኛ ይሞላል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሄድ ሰው አለ፣ ሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች። መብራት የላቸውም። ከቻላችሁ በቀን ውጡ። ከደንገጎ በላይ መገንጠያው ላይ በግራ ሐረር፣ በቀኝ ቁልቢ ነው። እኔ እዚያው መገንጠያው ላይ እጠብቃችኋለሁ። ፓምፕ፣ ካላማዳሪና መፍቻ ይዤ እመጣለሁ፣ ሻይም የሚገኝበት አለ።

የገንደቆሬ_ልጅ

እኔ ለቁልቢ ባልሆንም እስከ መገንጠያው አብሬያችሁ እወጣለሁ ወላሂ። ከለገሃር ፊት ለፊት ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ቤንዚን የቀዳ ብቻ ይምጣ።